ለእንቁጣጣሽ አዲስ አበባ ዳር፦ የቱ ሰፈር እንረፍ?

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው። ዘንድሮ እንቁጣጣሽን አዲስ አበባ ልናከብር አስበናል። ከነሐሴ 27 እስከ መስከረም 5 እንቆያለን። ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ12፣ የ8 እና የ3 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም አማቴ። አማቴ ሰባን ተሻግረዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግፊትም አለባቸው። የባለቤቴ እህት አያት ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ቤቷ ባለ አንድ መኝታ ስለሆነ አይበቃንም፣ ለብቻችን ቤት መከራየት ፈልገናል። መሀል ከተማው ዋጋው አይቀመስም። ባለቤቴ ባቡሩ የሚያወርደን ለቡ ስለሆነ እዚያው እንረፍ ይላል። አንድ ደላላ ቱሉ ዲምቱ የታደሰ ቤት አለ አለን። ሌላው ደግሞ ለገጣፎ ያለ ባለ ግቢ ቪላ ፎቶ ላከልን፤ በጣም ያምራል። አማቴ የጳጉሜን ጸበል እንጦጦ ማርያም ካልተጠመቅሁ ብለዋል፤ እሳቸው ሽሮ ሜዳ ይሁን ነው የሚሉት። ልጆቹ ድንቅነሽን እና እንጦጦ ፓርክን ማየት ይፈልጋሉ። የቱ ሰፈር ይሻለናል?»
እናት፣ ከድሬዳዋ

እህቴ፣ «አንቺ» ብዬ ልጻፍልሽ። መልሱን ላስቀድምና ምክንያቱን ኋላ ልንገርሽ። ከሲኤምሲ እስከ አያት ባለው መስመር፣ ከዋናው አስፋልት በእግር የሚደረስ ኮንዶሚኒየም ፈልጉ። ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት መኝታ ይሁን። ከምድር ቤት ወይም ከአንደኛ ፎቅ አይለፍ። ቪላውን እርሱት። ለቡንም ተዉት። አማትሽን ደግሞ እንጦጦ አንድ ቀን በደንብ አድርጋችሁ ውሰዷቸው እንጂ ሽሮ ሜዳ አታሳድሯቸው።

አሁን ምክንያቱ።

አዲስ አበባ ዳር ሲባል አንድ ቦታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን በየአቅጣጫው ነው፤ አያት ዳር ነው፣ ጀሞም ዳር ነው፣ ቱሉ ዲምቱም፣ አስኮም። ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ለመሄድ ደግሞ ከተማዋን ከጫፍ ጫፍ ማቋረጥ አለብሽ። መሀል የሚያርፍ ሰው ቢሳሳት የሚከፍለው ትንሽ ነው፤ ወዴትም ቢሄድ ግማሽ መንገድ ነው። ዳር የሚያርፍ ሰው ግን ዳሩን ከሳተ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ጠዋት ሲወጣ እና ማታ ሲመለስ። ስለዚህ ዳር ላይ ከቤት በፊት የሚመረጠው መንገድ ነው። ጉዳያችሁ በየትኛው በኩል ነው ያለው? መጀመሪያ መመለስ ያለበት ይህ ነው።

የእናንተ ጉዳይ ደብዳቤሽ ላይ ተጽፏል። ዘመድ አያት። ጸበል እንጦጦ። ድንቅነሽ አምስት ኪሎ። ለቡ ያላችሁ ጉዳይ ባቡር ጣቢያው ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ቀን፣ ስትመጡ እና ስትመለሱ። ለሁለት ቀን ምቾት ብላችሁ ሌሎቹን ቀናት በሙሉ ከለቡ አያት ስትመላለሱ አትክረሙ። በቀለበት መንገድ እንኳ ብትሄዱ፣ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ያ መንገድ የሚያልቅ አይደለም። ትንሹ ልጅሽ መኪና ውስጥ ስንት ሰዓት ይቀመጣል? አማትሽስ ጉልበታቸውን አጥፈው?

ባለቤትሽ ግን በከንቱ አላሰበም። ለቡ ለሌላ ቤተሰብ ጥሩ ሰፈር ነው። ዘመዱ ጀሞ ወይም ሃይሌ ጋርመንት የሆነ ሰው እዚያ ቢያርፍ ደግ አደረገ። በሰበታ በኩል ወጥቶ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የመልካ ቁንጡሬን የቅድመ ታሪክ ሥፍራ ለማየት ለሚፈልግም ያው በኩል ይቀርበዋል። የእናንተ ሰው ግን በተቃራኒው ጫፍ ነው ያለው።

ቱሉ ዲምቱንም በአጭሩ ልለፈው። ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ የሚነሳው ከዚያ ነው። ቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ዳር ለመዋል፣ አዳማ ለመውረድ አመቺ ነው። አያት እና እንጦጦ ለመሄድ ግን ሌላ ከተማ የመሄድ ያህል ነው። ደላላው ቤቱ አዲስ የታደሰ ነው ማለቱ ለእናንተ ምንም አይጨምርም።

ለገጣፎ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ልብሽ እዚያ እንደሆነ ይታወቃል። «በጣም ያምራል» ብለሽ ጽፈሽልኛል። በካርታ ሲታይ ለእህትየው ቅርብ ነው፤ ከአያት ትንሽ ወጣ ሲባል ነው የሚደረሰው። ግቢ አለው፣ ልጆች ይሮጡበታል። ዋጋውም መሀል ከተማ ካለው ጋር አይገናኝም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በመጋቢት ብትመጡ ኖሮ ምናልባት እሺ እልሽ ነበር። የምትመጡት ግን በነሐሴ መጨረሻ ነው።

የአዲስ አበባን ክረምት ከድሬዳዋ ሆኖ መገመት ይከብዳል። ሐምሌ እና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ ነው፤ ጳጉሜንም አይምርም፣ መስከረም እስኪጋመስም ይጥላል። ዳር ዳሩ ላይ ያሉ ሰፈሮች ቤታቸው አልቆ መንገዳቸው ገና ነው። ከአስፋልቱ ኮብልስቶን ይጀምራል፣ ጥቂት ሄዶ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። ባጃጁ «እዚህ ጋ ውረዱ፣ ከዚህ በላይ አልገባም» ይልሻል። ራይድ ብትጠሪም ሾፌሩ ደውሎ «አስፋልቱ ላይ ውጡልኝ» ነው የሚለው። አስፋልቱ ላይ የምትወጪው ደግሞ አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ ከዘራ የያዙ አሮጊት እና የታቀፈ ሕፃን አብረውሽ ናቸው፣ ዣንጥላውም አንድ ነው።

ስለዚህ ከየትኛውም ደላላ ጋር ስትነጋገሪ አንድ ነገር አድርጊ። ደላላ የሚልከው ፎቶ ሳሎን ነው። ሶፋው አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ፣ መጋረጃው ተሰብስቦ ታስሯል። አንቺ እንዲህ በይው፦ «ከአስፋልቱ ተነስተህ እስከ ቤቱ በር እየሄድክ በስልክህ ቅረጽልኝ። ዝናብ በጣለ ማግስት ይሁን።» ነገ ከነገ ወዲያ እያለ ካንገዋለለሽ መልሱን አገኘሽ። ከላከልሽ ደግሞ ቤቱን ሳይሆን እግሩን እዪ። ድንጋይ እየመረጠ ይረግጣል? ጫማው ምን መስሏል? የጎርፍ ቱቦው ክፍት ነው ወይስ ተከድኗል? ደረጃው ስንት ነው? የግቢው በር ጋ ሲደርስ መብራት ያለበት ምሰሶ ይታያል? ይህች አጭር ቪዲዮ ከሃያ የሳሎን ፎቶ በላይ ትነግርሻለች።

ቪላውን የማልመክርበት ሌላም ምክንያት አለኝ፣ ለእኔ እንዲያውም ዋናው እሱ ነው። የምትመጡት ለበዓል ነው። ባለ አጥር ቪላ ውስጥ በዓል የለም። የጎረቤትን ስም አታውቂም፣ በሩ ተዘግቶ ይውላል፣ ከጨለመ ደግሞ መውጣት የለም፤ ዳር ዳሩ ላይ ማታ ጅብ ይጮኻል፣ ውሻም ይበዛል። ኮንዶሚኒየም ግን በጳጉሜን ሌላ ነው። ሴቶቹ ኮሚናሉ፣ የጋራ ማብሰያው ቤት፣ ውስጥ ሽንኩርት ከትፈው በርበሬ ሲያቁላሉ ሽታው እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። በዋዜማው ማታ ግቢው መሀል ችቦ ይበራል። የብሎኩ ሴቶች ልጆች ነጭ ለብሰው አደይ ይዘው በየቤቱ «አበባየሆሽ» ይላሉ። የጳጉሜን 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዝናብ ሲጥል ሕፃናቱ ተጯጩኸው ወጥተው ይታጠቡበታል። የ8 እና የ12 ዓመት ልጆችሽ ማንም ሳያስተዋውቃቸው ከማኅበሩ ይቀላቀላሉ። አማትሽ ምድር ቤት ካረፉ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። አላፊ አግዳሚው «እንዴት አደሩ እማማ» ይላቸዋል፣ ቡና ይጠራቸዋል። የአገራቸውን ወሬ የሚጠይቃቸውም አያጡም። ከእንደዚህ ያለ ቦታ አስወጥተሽ በግንብ አጥር ውስጥ አታስቀምጪያቸው።

ፎቁ ላይ ድርድር የለኝም። ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የላቸውም። ከፍ ያሉት ሕንፃዎች ሊፍት ቢኖራቸውም መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ በክረምት ደግሞ መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም። ደላላው «ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ግን ደረጃው ቀላል ነው» ይልሻል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ዘንድ ቀላል ደረጃ የለም። መውጣቱ አንድ ነገር ነው፣ መውረዱ ደግሞ ይብሳል። አማትሽ ሦስተኛ ፎቅ ካረፉ ሁለቱን ሳምንት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይሄዳሉ፣ እናንተም ትታችኋቸው ለመውጣት ትሳቀቃላችሁ። ምድር ቤት ስትመርጡ ግን ከሥሩ ወይም ከጎኑ መጠጥ ቤት አለመኖሩን ጠይቁ። በብዙ ብሎኮች ምድሩ ለንግድ ነው የሚከራየው፣ በበዓል ሰሞን ሙዚቃው እስከ ሌሊት ነው።

ውሃ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በብዙ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። ላይኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ግፊቱ አንሶ በፈረቃውም ቀን ላይደርስ ይችላል፤ ይህም ወደ ታች እንድትወርዱ ሌላ ምክንያት ነው። «ሮቶ አለው» የሚል መልስ አይበቃሽም። ሮቶው ስንት ሊትር ነው? ለአንድ ቤት ነው ወይስ በጋራ? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን፣ በየትኞቹ ቀናት ይመጣል? ስድስት ሰው ታጥቦ፣ አብስሎ፣ ሽንት ቤት ተጠቅሞ፣ 500 ሊትር ሁለት ቀን ቢያደርስ ትልቅ ነገር ነው። ፈረቃው በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ። የሙቅ ውሃ ቦይለር መኖሩንም ጠይቂ። ድሬ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ደስታ ነው፤ እዚህ በጳጉሜን ጠዋት ሕፃን ልጅ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ አይታሰብም።

ብርዱን ካነሳሁ አይቀር የአማትሽን የሽሮ ሜዳ ሐሳብ እዚህ ላይ ልያዘው። ሐሳባቸው መሠረት አለው። ሽሮ ሜዳ ለእንጦጦ ማርያም በር ላይ ነው። ስድስት ኪሎ እና አምስት ኪሎም ከእሱ ብዙ አይርቁም። መንገድ ብቻ ቢሆን የሚቆጠረው አሸናፊው እሳቸው ነበሩ። ድሬዳዋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አዲስ አበባ ወደ 2,355 ሜትር ነው፣ እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ሥር ነው፤ ከቤት ወጥቶ ዳቦ ለመግዛትም ወይ መውጣት ነው ወይ መውረድ። ከቆላ የመጣ፣ ግፊት ያለበት፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው እዚያ ሁለት ሳምንት ማደሩ ይከብደዋል። እቴጌ ጣይቱም ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው ነው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን የቆረቆሩት። አማትሽ ነገሩን ከእኔ በላይ ያውቁት ይሆናል፤ በዚህ ብታስረጃቸው ቅር የሚላቸው አይመስለኝም።

ጸበሉን ግን አታስቀሩባቸው። አምስቱንም የጳጉሜን ቀናት እንጦጦ መመላለስ ከአያት አይሆንም፣ ያደክማቸዋል። የባለቤትሽ እህት በሰፈሯ ካሉት አድባራት በጳጉሜን ጸበል የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ አስቀድማ ትጠይቅ። በሌሎቹ ቀናት ጠዋት በቅርብ ይጠመቁ። ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ እንጦጦ ማርያም ውሰዷቸው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ከቤት ከወጣችሁ መንገዱ ባዶ ነው፤ በመገናኛ፣ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ትወጣላችሁ። የሚቀየር ደረቅ ልብስ፣ ጋቢ፣ ካልሲ፣ ትኩስ ሻይ በፔርሙስ ያዙላቸው። የግፊት መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ አደራ፤ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ። ጉዞውንም ሆነ መጠመቁን ከመነሳታችሁ በፊት ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ልጆቹን ያን ቀን ይዛችኋቸው ውጡ። አማትሽ ከጸበሉ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከአንቺ ጋር አረፍ ሲሉ ባለቤትሽ ልጆቹን ይዞ እንጦጦ ፓርክ ይግባ። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተ ነው፤ ጫካው፣ የእግር መንገዱ እና ከተማዋን ከላይ የሚያሳዩት ቦታዎች ለልጆች ይበቃሉ። ለ12 ዓመቱ ልጅሽ ደግሞ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚያው እንጦጦ ማርያም መሆኑን ንገሩት። ትምህርት ቤት ያነበበውን ቦታው ላይ ቆሞ ሲሰማው ሌላ ነው።

ድንቅነሽ ለሌላ ቀን ትቆይ። ልጆች ሁለቱንም በአንድ ቀን ሲያዩ በሁለተኛው ላይ ይነጫነጫሉ። ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናትን ድንቅነሽን ከማሳየታችሁ በፊት በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ መገኘቷን ንገሯቸው። በባቡር የመጡበት መንገድ አፋርን ነክቶ የሚያልፍ ስለሆነ ልጆቹ ነገሩን ከራሳቸው ጉዞ ጋር ያያይዙታል። ከዚያ በኋላ ጊዜ ካላችሁ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ነው፣ ከአምስት ኪሎ ሩቅ አይደለም። በአዘቦት ቀን ከረፋዱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ውጡ፣ ከ10 ሰዓት በፊት ተመለሱ። በእነዚህ ሰዓታት መሀል ከተማዋ ታስተናግዳችኋለች።

አያት መስመር ላይ ካረፋችሁ ቀላል ባቡሩም አለ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአያት–ጦር ኃይሎች መስመር በመገናኛ አልፎ መሀል ያደርሳል። የ8 ዓመቱ ልጅሽ መሳፈር እንደሚፈልግ እገምታለሁ። እኩለ ቀን ገደማ ይሳፈር፤ ጠዋት እና ማታ ግፊያው ለልጅ አይሆንም፣ ለአማትሽም በምንም ሰዓት አልመክርም። ለቀረው ሚኒባስ ታክሲ አለ፣ በመተግበሪያ የሚጠሩት መኪኖች አሉ። የሲኤምሲው መንገድ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መሄጃው ሰፍቶ ተስተካክሏል፤ ማታ ከልጆች ጋር ወጣ ብሎ በእግር ለመሄድ ደህና ነው። የጳጉሜን የመጨረሻ ቀናት ግን መገናኛን ሽሹ። በአንድ በኩል የበዓል ገበያተኛ፣ በሌላ በኩል ወደ ላምበረት መናኸሪያ የሚጎርፈው የአገር ቤት ተጓዥ፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛል።

ከድሬ ስትመጡ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ። ባቡሩ ለቡ ሲያወርዳችሁ ስድስት ሰው ከነሻንጣው በአንድ ትንሽ መኪና አይገባም። ሚኒባስ በኮንትራት ያዙ። የባለቤትሽ እህት ከሰፈሯ የምታውቀውን ሾፌር ብትልክላችሁ ጣቢያው በር ላይ ከመደራደር ትድናላችሁ። ለዕረፍቱ የመጀመሪያ ምሽት ሌላ ዕቅድ አታውጡ፤ በልታችሁ ተኙ። ብርድ ልብስ ቤቱ ውስጥ ስንት እንዳለ ጠይቁ። አንድ አልጋ አንድ ብርድ ልብስ ከሆነ ለእናንተ አይበቃም፤ ጋቢያችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ለልጆቹም ሹራብ እና የዝናብ ጫማ።

ገንዘቡን በሚመለከት። ቤቱን እህትየው በአካል ሳታይ ሳንቲም አትላኩ። አይታ ከወደደችው ቀብድ ትክፈል፣ ቀሪውን ስትገቡ ክፈሉ። ዋጋውን በቀን ሳይሆን ለጠቅላላው ቆይታ አንድ ላይ ተነጋገሩ፤ የበዓል ሰሞን የቀን ዋጋ ይሰቀላል፣ ለሁለት ሳምንት የሚይዝ ሰው ግን ለባለቤቱም እረፍት ነው፣ ይቀንስላችኋል። የደላላውን ኮሚሽን ማን እንደሚከፍል ከወዲሁ ይለይ። የመብራት ካርድ በማን ነው? ማብሰያው ሲሊንደር ነው ወይስ ኤሌክትሪክ? ምጣድስ? ምጣድ ባይኖር አትጨነቂ፣ እንጀራ በየበሩ ይሸጣል። መታወቂያ ሁሉም አዋቂ ይያዝ፤ ለባቡሩ ትኬትም ያስፈልጋል፣ አከራዩም ይጠይቃችኋል፣ የግቢው ጥበቃም እንግዳ መሆናችሁን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል።

የቀረኝ አንቺ ያልጠየቅሽኝ ነገር ነው። ከቤቱ ሁሉ እሱ ያሳስበኛል። የባለቤትሽ እህት ቤት ልትከራዩ መሆኑን ሰምታለች? ካልሰማች፣ ከደላላው በፊት እሷ መስማት አለባት። «እኔ እያለሁ እናቴ ኪራይ ቤት ልታድር ነው?» ማለቷ አይቀርም፣ ልክም ናት። ያንን ኩርፊያ በኋላ ማብረድ ከባድ ነው። ደግሞ አንቺ አትደውዪላት፤ ወንድሟ ይደውል፣ እናቷም ስልኩን ይቀበሉትና ያነጋግሯት። ቤቷ ጠበበ ብሎ ነገር አይነሳ። «ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ እንዳናስቸግርሽ ብለን ነው፣ ግን ካንቺ ብሎክ ሳንርቅ አንቺው ፈልጊልን» ይበላት። ቤት የምታፈላልግ እሷ ከሆነች የራሷን እንግዳ ያሳረፈች ያህል ይሰማታል። ሰፈሩንም ከማንኛውም ደላላ በላይ ታውቃለች፤ የትኛው ብሎክ ውሃ እንደሚደርሰው፣ የትኛው ግቢ ጭቃ እንደሚሆን፣ የቱ ምድር ቤት ጸጥ ያለ እንደሆነ።

በዓሉም በእሷ ቤት ይሁን። ቤቱ ቢጠብም ግቢው አይጠብም፣ ኮሚናሉም አለ። በጉን ባለቤትሽ ከሾላ ወይም ከካራ ገበያ ይግዛ፣ ዋዜማውን አይጠብቅ፣ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ይበል። ዶሮውን አንቺ እና እሷ አብራችሁ ሥሩ። ከድሬ ስትመጪ ጣፋጭ፣ ሀለዋ እና ሙሸበክ፣ ያዢላት፤ ለጎረቤቶቿም የሚበቃ ይሁን፣ እሷ ታድላቸዋለች። አማትሽ ከፈለጉ አንድ ሁለት ሌሊት ልጃቸው ጋ ይደሩ፣ በምትካቸው የእሷ ልጆች እናንተ ጋ ይምጡ። ነሐሴ ሲገባ በዚያ መስመር ጥሩ ምድር ቤት ማግኘት ይከብዳል፣ ስለዚህ ባለቤትሽ ለእህቱ የሚደውለው በዚህ ሳምንት ይሁን።